እግራችን መንገዱን በምን ያውቃል? ከሶፍ ዑመር ዋሻ እስከ መስገጃችን

  

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ከእንቅልፋችን ከተነሳንበት ሰዓት ጀምሮ እስክንተኛ ድረስ የምንጠቀምበት፣ ነገር ግን እስኪጎድልብን ድረስ ልብ የማንለው ኒዕማ ነው። የሰው ልጅ እንዴት ይንቀሳቀሳል? መቆም፣ መራመድ፣ መጻፍ፣ መስገድ የሚችለው አካላችን ይህን ሁሉ ከማን፣ እንዴት ተማረው? ኢንሻአላህ በተቻለን መጠን ቀለል አድርገን እንመለከተዋለን።

ለመነሻ ያህል ወደ ባሌ እንሂድ። ከሮቤ ከተማ በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያበጀው የሶፍ ዑመር ዋሻ ይገኛል። ርዝመቱ ተለክቶ 15.1 ኪሎ ሜትር የሆነ ሲሆን፣ በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። አርባ ሁለት መግቢያዎች እንዳሉትም ይነገራል። ስሙን ያገኘው፣ በአካባቢው ትውፊት መሠረት፣ ዋሻውን መጠጊያና የዒባዳ ቦታ አድርገውት ከነበሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አገራችን ቦታውን በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች።

ወደ ዋሻው የገባ ሰው ሁሉ የሚገጥመው አንድ ነገር አለ። ከመግቢያው ብርሃን እየራቀ ሲሄድ እርምጃው ያጥራል፣ እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ እግሩን ከማሳረፉ በፊት መሬቱን በጫማው ጫፍ ይዳስሳል። የእጅ ባትሪው ቢጠፋና ባለበት ቢቆም ደግሞ፣ ማንም ሳይነካው ሰውነቱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይሰማዋል። መሬቱ አልተንቀሳቀሰም። እግሩም ያው ከደቂቃ በፊት ያቆመው እግር ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ከሦስት ምስክሮች አንዱ ነው። አካላችን ቀጥ ብሎ ለመቆም ሦስት ምስክሮችን ይሰማል። የመጀመሪያው ዓይን ነው። ዓይን ግድግዳውን፣ አድማሱን፣ የዛፉን ግንድ እያየ «ቀጥ ብለሃል» ወይም «አዘንብለሃል» ይላል። ሁለተኛው በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቻችን ጆሮ ለመስማት ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በሦስት አቅጣጫ የተቀመጡ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በውስጡ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይታጠፉና ለአንጎል ወሬውን ያደርሳሉ። ከቱቦዎቹ አጠገብ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች የተነሰነሱባቸው ሁለት ከረጢቶች ይገኛሉ። ጠጠሮቹ ክብደት ስላላቸው ምድር ወዴት እንዳለች በየቅጽበቱ ያመለክታሉ። ሱብሓነላህ! ከመሬት እንዳንወድቅ የሚጠብቀን ጠጠር በጆሯችን ውስጥ ነው ያለው።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉም የተደበቀው ነው። በጡንቻዎቻችን፣ በጅማቶቻችንና በመገጣጠሚያዎቻችን ውስጥ ምን ያህል እንደተሳቡና እንደታጠፉ የሚናገሩ ስስ የስሜት ሕዋሳት አሉ። የእግራችን መዳፍ ቆዳም ክብደታችን በተረከዝ ላይ ይሁን በጣቶች ላይ ይለያል። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችንን ወደ አፍንጫችን ብንወስድ የማንስተው በዚህ ስሜት ምክንያት ነው። ሕፃናት ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ይኼኛው ግን ስም ሳይወጣለት ይቀራል። ቢሆንም ከአምስቱ የሚያንስ አይደለም። እንዲያውም እንደኛ አስተያየት ማየትን ያጣ ሰው ይህን ስሜት ካጣ ሰው ይልቅ በራሱ የመንቀሳቀስ ዕድል አለው። ለምን እንዲህ እንደምንል ቀጥለን እንመለከታለን።

በዋሻው ውስጥ ብርሃን ሲጠፋ የዓይን ምስክርነት ይቋረጣል። አንጎል በቀሩት በሁለቱ ላይ ይደገፋል። መሬቱ ደግሞ ውሃ የነካው፣ ወጣ ገባና የሚያዳልጥ ከሆነ የእግር መዳፍ ምስክርነትም ይናጋል። በዚህ ጊዜ አራተኛ ምስክር የሚሆነን ነገር አለ፤ እሱም በትር ነው። በባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሑሴን በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች ጫፉ ባላ የሆነ በትር እንደሚይዙ የታወቀ ነው። (ስለ ዚያራው ሸሪዓዊ አደብ መነጋገር የዑለማዎቻችን ድርሻ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። እዚህ ላይ የፈለግነው በትሩን ብቻ ነው።) በትር የሚጠቅመው ክብደት ስለሚሸከም ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ሰው አንድን የማይንቀሳቀስ ነገር በጣቱ ጫፍ በስሱ እንኳ ቢነካ የሰውነቱ መወዛወዝ በግልጽ ይቀንሳል። መደገፍ ሳያስፈልገው፣ መንካቱ ብቻ «መሬቱ እዚህ ነው» የሚል ወሬ ይሰጠዋል። ሽማግሌዎቻችን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሳይጫኑ ነካ ነካ እያደረጉ ሲሄዱ ያየን፣ ለማዕረግ ነው የያዙት ብለን አንለፈው።

አሁን ቀደም ሲል ቃል ወደገባነው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢያን ዋተርማን የሚባል የ19 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ታመመ። በሥጋ ቤት የሚሠራ ጠንካራ ልጅ ነበር። ሕመሙ ጉንፋን የመሰለ ነበር፤ ነገር ግን የራሱ የሰውነት መከላከያ ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች አጠቃ። ከአንገቱ በታች ያለው የመዳሰስና የአካልን አቀማመጥ የማወቅ ስሜት ጠፋ። ልብ እንበል፣ ሽባ አልሆነም። ጡንቻዎቹ ደህና ነበሩ፤ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚወስዱት ነርቮችም አልተነኩም። ሕመምና ሙቀት ቅዝቃዜም ይሰማው ነበር። ቢሆንም አልጋው ላይ ተኝቶ እጁ የት እንዳለ አያውቅም፤ ሲያዘውም እጁ ወዳልፈለገው ቦታ ይወረወር ነበር። ሐኪሞች ቀሪ ዘመኑን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንደሚያሳልፍ ገመቱ።

ወጣቱ ግን አንድ ዘዴ አገኘ። እጅና እግሩን በዓይኑ እያየ ማዘዝ ጀመረ። መቀመጥን፣ ቀጥሎም መቆምን፣ ከዓመት በላይ ከፈጀ ልፋት በኋላ መራመድን ተማረ። እያንዳንዱን እርምጃ እያየና እያሰበ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ቆሞ ሳለ መብራት ጠፋና እንደ ቆመ መሬት ላይ ወደቀ፤ መብራቱ እስኪመጣም መነሳት አልቻለም። ታሪኩን ሐኪሙ ጆናታን ኮል እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አሳትሞታል። እንግዲህ ይህ ሰው ሶፍ ዑመር ዋሻ ገብቶ ባትሪው ቢጠፋበት አንድ እርምጃ አይራመድም ማለት ነው። ዓይነ ስውር ወንድማችን ግን በበትሩ እየዳሰሰ ከቤቱ መስጊድ ደርሶ ይመለሳል። ቀደም ሲል የሰጠነው አስተያየት ከዚህ የመነጨ ነው።

እዚህ ላይ ከቀደምት ሊቃውንቶቻችን አንዱን ሳናነሳ ማለፍ አይገባም። ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037) «አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራቸው ውስጥ፣ በአየር ላይ ተንሳፎ የሚገኝ፣ ዓይኑ የተሸፈነ፣ እጅና እግሩ እርስ በርስ የማይነካካ አንድ ሰው በሐሳብ እንድንስል ይጋብዙናል። ይህ ሰው አካሉን ባያውቅም «እኔ አለሁ» ማለቱን አይተውም ይላሉ። የእሳቸው ዓላማ ስለ ነፍስ ለመናገር እንጂ ስለ ጡንቻ አልነበረም። ያም ሆኖ አካል በስሜት በኩል ካልነገረን በቀር እጃችን የት እንዳለ ማወቅ እንደማንችል ከሺህ ዓመት በፊት ማሰላሰላቸው ያስደንቃል። «አል-ቃኑን» በተባለው የሕክምና መጽሐፋቸውም ነርቮች ስሜትንና እንቅስቃሴን እንደሚያመላልሱ አስፍረዋል።

ትእዛዙ እንዴት ይወርዳል? ይህን በአጭሩ እንለፈው። ከአንጎላችን የላይኛው ክፍል የሚነሳው ትእዛዝ ወደ ታች ሲወርድ አብዛኛው ተሻግሮ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል፤ በግራው አንጎል ላይ ስትሮክ የደረሰበት ሰው ቀኝ እጅና እግሩ የሚዝለው ለዚህ ነው። ትእዛዙ በአከርካሪ ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ በነርቭ ወደ ጡንቻ ይደርሳል። ፈጣኖቹ ነርቮች በሴኮንድ 120 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ክንዳችንን የሚያጥፍ ጡንቻ ካለ የሚዘረጋም ሌላ ጡንቻ አለ፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቅለታል። ከኋላ በኩል ከማጅራታችን በላይ የተቀመጠው ትንሹ አንጎል ደግሞ የታዘዘውንና የተሠራውን እያስተያየ ያርማል። ይህ ክፍል ከአንጎል ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ቢሆንም ከአንጎል የነርቭ ሕዋሳት አምስት እጁን ቢከፍሉት አራቱ እጅ የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነው። መጠጥ ቶሎ የሚያናጋውም ይህንኑ ክፍል ነው፤ የሰከረ ሰው የሚንገዳገደው እግሩ ስለደከመ አይደለም።

ስለ መገጣጠሚያ ስናነሳ፣ የሰው ልጅ በ360 መገጣጠሚያዎች ላይ እንደተፈጠረ የሚገልጸውን፣ ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። አንዳንድ ወንድሞች የሕክምና መጻሕፍትን ገልጠው ቁጥሩን አንድ በአንድ ለማስታረቅ ይደክማሉ። የመጻሕፍቱ ቁጥር «መገጣጠሚያ» የሚባለው ምን እንደሆነ በሚሰጠው ፍቺ ይለያያል። እኛ ግን የሐዲሱ ክብደት ያለው በሌላ ቦታ ይመስለናል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በየቀኑ ሶደቃ እንዳለብን ተነግሮናል። ይህም ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትን ይጨምራል። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሁለት ረከዓ የዱሓ ሶላት ለዚህ ሁሉ እንደሚበቃ ተጠቅሷል። የመገጣጠሚያ ምስጋና መገጣጠሚያን በመጠቀም መሆኑ ነው።

ከዋሻው ሳንወጣ ስለ ቁልቁለት ጥቂት እንበል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጎባ ከዚያ ከፍ ትላለች። ከጎባ በላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሶፍ ዑመር ግን ከሮቤ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በቆላው ይገኛል። በዚህ አገር ሰው ቁልቁለትን በሚገባ ያውቃል። ዳገት ልብን ያደክማል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቁልቁለት ደግሞ ቀላል መስሎ ጭንን ይቀጣል። በመውረድ ጊዜ የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተሳበ ሳለ እንዲረዝም ይገደዳል፤ ልክ የሚወርድ ጭነት በገመድ ይዞ ቀስ እያደረገ እንደሚለቅ ሰው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በጡንቻው ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ስለሚያደርስ በማግስቱ፣ ይበልጥም በሁለተኛው ቀን፣ ደረጃ መውረድና ከሱጁድ መነሳት ያሳምማል። ገበሬውን የማያመው፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን እንግዳ የሚያመው ለዚህ ነው። ጡንቻ አንድ ጊዜ ቁልቁለት ከቀመሰ በኋላ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል፤ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ እንግዳ ሆናችሁ ወደ ዋሻው የምትወርዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በቀደሙት ሳምንታት ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሽ ቁልቁለት ብትለማመዱ ይጠቅማችኋል።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንምጣ። የእንስሳ ግልገል በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ እናቱን ይከተላል። የሰው ልጅ ግን አንገቱን እንኳ መሸከም የማይችል ሆኖ ይወለዳል። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ከደካማነት እንደፈጠረን ነግሮናል። ይህ ድካም ግን ለመማር የተተወ ሰፊ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት አገሮች ማለትም ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከዑማንና ከአሜሪካ በተውጣጡ ጤነኛ ሕፃናት ላይ ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። በዚህ መሠረት ሕፃናት ያለ ድጋፍ መቀመጥ የጀመሩት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ነው። በእጅና በጉልበት መዳህ የጀመሩት ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ ብቻቸውን መራመድ የጀመሩት ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ሕፃናት ጨርሶ በጉልበታቸው ሳይድሁ ቀጥታ ወደ መቆም ተሻግረዋል።

ይህን ቁጥር የጠቀስነው ለጎረቤት ወሬ ሲባል ነው። «የእገሊት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ፣ ያንተ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ንግግር የስንቷን እናት እንቅልፍ እንደነሳ እናውቃለን። በአሥር ወሩ የሄደውም በአሥራ ስድስት ወሩ የሄደውም ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ቀድሞ የሄደ ልጅ ቀድሞ አዋቂ አይሆንም።

ልጁ መራመድን የሚማረው በምክር አይደለም፣ በመውደቅ ነው። በአሜሪካ ከ12 እስከ 19 ወር በሆናቸው ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሕፃናቱ እንደልባቸው ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ አሳይቷል። በሰዓት አሥራ ሰባት ጊዜ! ከእኛ መካከል አንድ ሥራ ጀምሮ በሰዓት አሥራ ሰባት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ለአሥራ ስምንተኛው የሚነሳ ማን ነው? እንግዲህ ልጁን ከጧት እስከ ማታ አዝለን ወይም በአንድ ቦታ አስቀምጠን ካዋልነው ይህን ሁሉ እርምጃ እየነሳነው ነው። ማዘል ክፉ አይደለም። በእናቱ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ እናቱ ጎንበስ ቀና ስትል አንገቱንና ወገቡን ለማስተካከል ይሠራል፤ ያ ራሱ ልምምድ ነው። ከጀርባ ሲወርድ ግን ንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሆዱም በቂጡም እንዲጫወት እንልቀቀው።

ይሁን እንጂ መታገስ የማይገባባቸው ምልክቶችም አሉ። ልጁ በአራት ወሩ አንገቱን መያዝ ካልቻለ፣ በዘጠኝ ወሩ መቀመጥ ካቃተው፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ጨብጦ ከያዘ፣ በአሥራ ስምንት ወሩ ብቻውን ካልተራመደ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ ወደ ጤና ባለሙያ መወሰድ አለበት። በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። «ዓይን ነው»፣ «ጂን ነክቶት ነው» ይባልና ልጁ በጓዳ ይቀመጣል። ዓይንም ጂንም እውነት መሆናቸውን እናምናለን፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ፈልጉ ማለታቸውንም እናምናለን። ሁለቱ አይጣሉም። የሚጣላው ልጅን መደበቅ ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ በእጃችን ያለ ስለሆነ በተለይ እናንሳው። ባሌ ደጋው ብርድ ነው። እናቶች ሕፃኑን ብርድና ዓይን ፈርተው ከፀሐይ ሸፍነው ያቆዩታል። ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ ጡንቻው ይዝላል፤ መራመጃው ይዘገያል። ሪኬትስ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ሪኬትስ በብዙ እጥፍ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የእግር ብቻ አይደለም። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላት አገር ላይ ልጅ በፀሐይ እጦት መታመሙ ያሳዝናል። ንፋስ በሌለበት ደጃፍ፣ በጧት ፀሐይ፣ እግርና እጁን ገልጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ወጪ የለውም።

ሌላው ልጁ ሲወለድ እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ መገኘቱ ነው። በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ቀድሞ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጠይቅ ነበር። በትውልዱ ስፔናዊ የሆነው ሐኪም ፖንሴቲ ባወጣው ዘዴ ግን እግሩ በየሳምንቱ በእጅ እየተስተካከለ ጄሶ ይደረግለታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ይላላል፤ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ልዩ ጫማ ያደርጋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት መጨረሻ ላይ ነው፤ እግሩ ሲስተካከል «ዳነ» ብለው ጫማውን ይተዉታል፤ እግሩም ይመለሳል።

ልጁ ካደገ በኋላ እጅም ይማራል። በቁርኣን ቤቶቻችን ያለውን ሉህ አስቡት። ደረሳው መጀመሪያ ቃሙን ሲይዝ ምላሱን ነክሶ፣ ትከሻውን ወጥሮ፣ ጣቱ እስኪነጣ ጨብጦ ነው። «አሊፍ» ለመጻፍ መላ አካሉ ይደክማል። ከወራት በኋላ ትከሻው ይለቃል፤ ቀጥሎ ክርኑ፤ በመጨረሻም ጣቶቹ ብቻ ይሠራሉ፤ ዓይኑም ከፊደሉ ወደ አንቀጹ ይሻገራል። በባሌና በአርሲ ደጋ ፈረስ የሚጋልብ ልጅም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ፈረሱን ይታገለዋል፤ በኋላ ወገቡ ከፈረሱ ጋር ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ወሬ ይይዛል። ክህሎት ማለት ሐሳብን ከሥራው ማሳረፍ ነው። ይህ ለውጥ ደግሞ በልምምዱ ሰዓት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ሌሊት በእንቅልፍም አንጎል የተማረውን ያጸናል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ደረሳውን አንድ ቀን ሙሉ ከማድከም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማስጻፍ ይሻላል።

የእጅ ትምህርት በአንጎል ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ከወሬና ከትዝታ ማስቀመጫ የተለየ ነው። ይህ የታወቀው በአንድ አሳዛኝ ሰው ምክንያት ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው በተደረገለት ቀዶ ሕክምና አዲስ ትዝታ የመያዝ ችሎታውን አጣ። ያገኘውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያስታውስም ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ በመስተዋት ውስጥ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲሥል አደረጉት። ለማንም ከባድ ሥራ ነው። በሦስት ቀናት ውስጥ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደነበር ፈጽሞ አያስታውስም። እጅ ያወቀውን ባለቤቱ አላወቀም።

ይህን የሰማ ሁሉ በየቤቱ ያሉትን አዛውንቶች ያስታውሳል። የልጆቻቸውን ስም የሚረሱ፣ ቀኑን የማያውቁ አባቶችና እናቶች፣ አዛን ሲሰሙ ተነስተው ተክቢራ ያደርጋሉ፤ ሩኩዑን ከሱጁድ ሳያዛንፉ ይሰግዳሉ፤ አንዳንዴ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳሉ ብቻ ይጠፋቸዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ሶላት እንድናዝ ያስተማሩን ከዚህ አንጻር ሲታይ ሰፊ ጥበብ አለው። በሰባት ዓመቱ በአካሉ የገባው ነገር በሰማንያ ዓመቱም ይቆየዋል። እንዲህ ያሉ አዛውንቶች ያሏችሁ ቤተሰቦች፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ድምፅ እያሰማችሁ አብራችኋቸው ስገዱ እንጂ «ተሳሳትክ» እያላችሁ አታቋርጧቸው።

ስለ ሩጫ ብዙ ስለሚባል በአንድ ነገር ብቻ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የሴቶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሴኮንድ ያሸነፈችው እህታችን ፋጡማ ሮባ የበቆጂ ልጅ ናት። በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ስትሆን ቦስተንንም በተከታታይ ሦስት ዓመት አሸንፋለች። ስትሮጥ ያያት ሰው ትከሻዋ እንዳልተወጠረ፣ ፊቷ እንዳልተኮሳተረ ያስታውሳል። ለመሮጥ የማያስፈልግ ጡንቻ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ከሉሁ ደረሳ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

በመጨረሻም ወደ ዕድሜ መግፋት እንምጣ። በእርጅና ሦስቱም ምስክሮች ይደክማሉ። ዓይን ይፈዝዛል፤ የጆሮ ውስጥ ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ የእግር መዳፍ ስሜት ይደነዝዛል። ከመሬት መነሳት ራሱን የቻለ ክህሎት ነው፤ የማይለማመዱት ክህሎትም ይጠፋል። በቀን አምስት ጊዜ ጎንበስ የሚል፣ ግንባሩን መሬት የሚያስነካና እንደገና የሚቆም አዛውንት ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን በሙሉ መጠናቸው ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ጉልበቴን ትንሽ አመመኝ ብሎ ወዲያው ወደ ወንበር መሸጋገር እንደማይገባ እናሳስባለን፤ በጣት መሬትን ወይም ግድግዳን ነክቶ መነሳት ይቻላል። በእውነት ያልቻለ ግን ቆሞ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ የተሰጠው ፈቃድ ግልጽ ስለሆነ ራሱን ለጉዳት አያጋልጥ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮችን ይጎዳል። ሕመምተኛው ያ ስም የለሽ ስሜት ከእግሩ ይጠፋበታል፤ ቀን በዓይኑ ተደግፎ ስለሚሄድ ግን አይታወቀውም። ለፈጅር ሲነሳ፣ መብራት ሳያበራ፣ እርጥብ በሆነው የውዱእ ቦታ ላይ ሲቆም ይወድቃል። በባትሪ እጦት ዋሻ ውስጥ እንደቀረ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከአልጋው አጠገብ እጁ የሚደርስበት ቦታ ባትሪ ይኑር፤ ከመነሳቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጥ፤ ውዱእ የሚያደርግበት ቦታ መጨበጫ ይበጅለት፤ ከተቻለም ተቀምጦ ውዱእ ያድርግ። እግሩን ሲያጥብ የጣቶቹን መሐል በጣቱ እንዲፈለፍል ሱናው ያዘዋል፤ በዚያው አጋጣሚ ዓይኑን ጣል አድርጎ ቁስል፣ ስንጥቅ ወይም የገባ እሾህ መኖሩን ይመልከት፤ የማይሰማው እግር ስለማይናገር ነው። የእግሩን መዳፍ ጎንበስ ብሎ ማየት ካቃተው ትንሽ መስተዋት መሬት ላይ አስቀምጦ ይመልከት፣ ወይም ልጁን ጠርቶ ያሳይ። ውሃውንም የሚያሞቅለት ሰው በራሱ እጅ ለክቶ ይስጠው።